ዩስቱስ ሊቢግና የምድጃችን አመድ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ይጁቤ የሚጓዝ ሰው በበጋ ወራት በየቤቱ ጥግ የተደረደረውን የኩበት ክምር ሳያይ አያልፍም። እናቶችና ልጃገረዶች እበቱን በእጃቸው ጠፍጥፈው በፀሐይ ያደርቁታል፤ ክረምት ሳይገባም ዝናብ በማይደርስበት ሥፍራ ያኖሩታል። እንጀራው የሚጋገረው፣ ወጡ የሚሠራው፣ የደጋው ብርድ የሚመከተው በዚሁ ነው። ከቤቱ ራቅ ብሎ ደግሞ ከዓመት እስከ ዓመት ሲታረስ ኖሮ የደከመ ማሳ ይታያል። ከብቱ የበላው ገለባ የበቀለው ከዚያ ማሳ ላይ ነው፤ እበቱ የሚሄደው ግን ወደ ምድጃ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ስም አልነፈገውም። ከብቱ እንደ ጣለው እበት፣ በበረት ውስጥ ከሽንትና ከጭቃ ጋር ሲቦካ አዛባ፣ የፈረስና የአህያው ፋንድያ፣ የፍየሉ በጠጥ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ሲደርቅ ኩበት፣ ሰንብቶ ሲበሰብስ ፍግ ይባላል። ስሙ እንዲህ የበዛ ነገር ጥቅሙም የበዛ መሆኑን መገመት አያዳግትም። አውድማ የሚለቀለቀው፣ ግድግዳና ጎታ የሚመረገው በእርሱ ነው። እንግዲህ በአንድ እበት ላይ ምድጃው፣ ግድግዳውና ማሳው ይሻማሉ፤ በአብዛኛው ጊዜም የሚሸነፈው ማሳው ነው።

የሙያ ባልደረቦች በተገናኙ ቁጥር ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው። ኩበት ማንደድን በቀበሌ ወይም በወረዳ ደንብ መከልከል ይገባልን? ገበሬው ከበረቱ ከሚወጣው ፍግ ይህን ያህሉን ለማሳው እንዲመልስ በሕግ ማስገደድ ይቻላልን? ለዚህ መልስ ከመሻት አስቀድሞ የአንድን ሰው ሕይወት መመርመር ይጠቅማል። ይኸውም ከማሳ የተወሰደ ነገር ለማሳ ይመለስ የሚለውን ሐሳብ በዓለም ፊት ያቆመው፣ በዚያው ሐሳቡም ውስጥ ለእኛ ምድጃ እጅግ ቅርብ የሆነ ስሕተት የሠራው ጀርመናዊው ሊቅ ዩስቱስ ሊቢግ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ሊቢግ ሜይ 12 ቀን 1803 በዳርምሽታት ከተማ ተወለደ። አባቱ ቀለምና ልዩ ልዩ ቅመማ ቅመም እያዘጋጀ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ልጁ ከመጻሕፍት ይልቅ በአባቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ከነበሩት ማሰሮዎችና ጠርሙሶች የበለጠ ተማረ። በትምህርት ቤት ደካማ ተብሎ ይቆጠር ነበር፤ ኬሚስት እሆናለሁ ባለ ጊዜም መምህሩና ጓደኞቹ ሣቁበት። ሄፐንሃይም በምትባል ከተማ በመድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ለሙያ ቢገባም ብዙ አልቆየም። በጣሪያው ሥር ባለችው ክፍሉ የሚፈነዳ ቅመም ሲሠራ ፈንድቶበት ተባረረ ይባላል፤ አባቱ የማስተማሪያውን ገንዘብ መክፈል ስላቃተው ነው የሚሉም አሉ። የመጀመሪያው ታሪክ ይበልጥ ይጥማል፤ ሁለተኛው ይበልጥ እውነት ይመስላል።

በልጅነቱ ያየው አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በ1815 በኢንዶኔዢያ የሚገኘው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ሰማዩን በአመድና በጢስ ስለ ሸፈነው በ1816 በአውሮፓ ሙቀት ጠፋ፤ አዝመራውም ሳይበስል በማሳው ላይ በሰበሰ። በጀርመን አገሮች ብርቱ ረሀብ ሆነ። ሊቢግ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። የጎጃም ሰው ክፉ ቀን ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ከአያቶቹ ሰምቷል። ከ1888 እስከ 1892 ድረስ በዘለቀው በዚያ ዘመን ከብቱ በበሽታ ስላለቀ የሚያርስ በሬ ብቻ ሳይሆን ማሳውን የሚያለሰልስ እበትም ጠፍቶ ነበር። ረሀብን በልጅነቱ ያየ ሰው ስለ መሬት የሚያስበው በተድላ ካደገው ሰው በተለየ መንገድ መሆኑ አያጠራጥርም።

የቀረውን የወጣትነት ታሪኩን በአጭሩ እንለፈው። በቦን፣ ኋላም በኤርላንገን ተማረ። በተማሪዎች የፖለቲካ ሁከት ውስጥ ገብቶ ስለ ነበር በ1822 ከዚያ መሸሽ ግድ ሆነበት። የሄሰን ታላቅ መስፍን ገንዘብ ሰጥቶት ወደ ፓሪስ ሄደና በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ከጌ ሉሳክ ጋር ሠራ። ታዋቂው ተጓዥና ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ችሎታውን ተመልክቶ ስለ መሰከረለት በ1824፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በጊሰን ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ማዕርግ አገኘ። የጊሰን መምህራን ከላይ የተጫነባቸውን ይህን ልጅ በደስታ አልተቀበሉትም።

ጊሰን ትንሽ ከተማ ነበረች። ሆኖም ሊቢግ በዚያ የሠራው ላቦራቶሪ የኬሚስትሪ ትምህርት የሚሰጥበትን መንገድ ለወጠው። ከእርሱ በፊት ተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ መምህሩ የሚያደርገውን ይመለከት ነበር፤ በጊሰን ግን ተማሪው ራሱ እጁን አስገብቶ መሥራት ጀመረ። በ1831 አምስት እንክብሎች ያሉትን የመስተዋት መሣሪያ ፈለሰፈ። በዚህም መሣሪያ በአንድ ሕይወታዊ ነገር ውስጥ ምን ያህል ካርቦን እንዳለ በቀላሉ መለካት ተቻለ። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ወጣቶች ተማሪዎቹ ሆኑ። ከእነዚህም አንዱ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት ነበር። ስሙን እናስታውሰው፤ ኋላ መምህሩን የሚያሸንፈው እርሱ ነው።

ሊቢግ ከላቦራቶሪው ወደ ማሳ የወጣው በ1840 ነው። በዚያ ዓመት ኬሚስትሪ ለእርሻ ስለሚሰጠው ጥቅም የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። በዚያን ጊዜ በጎጃም ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ይገዙ ነበር፤ ዛሬ ደብረ ማርቆስ የምንላት መንቆረርም ይህን ስሟን ገና አላገኘችም። በአውሮፓ የነበሩት የእርሻ ሊቃውንት ተክል የሚመገበው በአፈር ውስጥ ያለውን የበሰበሰ ነገር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሊቢግ ይህን እምነት አፈረሰ። ተክል ካርቦኑን የሚያገኘው ከአየር ነው፤ ከአፈር የሚወስደው ግን ፎስፎረስን፣ ፖታሽን፣ ኖራንና የመሳሰሉትን ማዕድናት ነው አለ። አዝመራው በተሰበሰበ ቁጥር እነዚህ ማዕድናት ከማሳው ይወጣሉ። ካልተመለሱ አፈሩ እንደሚራቆት፣ ይህም የማይቀር ሒሳብ እንደ ሆነ አስረዳ። ከምግቦቹ ሁሉ አንዱ ብቻ ቢጎድል ሌላው ቢትረፈረፍ እንኳ አዝመራው በጎደለው ልክ እንደሚወሰንም አስተማረ። ይህን ሕግ ከእርሱ አስቀድሞ በ1828 የጻፈው ካርል ሽፕረንገል ነው፤ ዝናው ግን ለሊቢግ ሆነ። እንዲህ ያለው ነገር በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ብርቅ አይደለም።

ለእኛ ዋናው ነጥብ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሊቢግ የፍግ ጥቅም በማዕድኑ ላይ ነው ብሎ ስላመነ፣ ለማሳው የሚመለሰው ነገር እበት ይሁን፣ አመድ ይሁን፣ የተፈጨ አጥንት ይሁን ብዙ ልዩነት የለውም የሚል አሳብ ነበረው። ናይትሮጂንን በተመለከተ ደግሞ ከአየር በዝናብ አማካይነት የሚወርደው አሞኒያ ለአዝመራው ይበቃል ብሎ ገመተ።

እስቲ ይህን ትምህርት ይዘን ወደ ይጁቤ ምድጃ እንመለስ። ኩበት ሲነድድ ፎስፎረሱና ፖታሹ በአብዛኛው በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ናይትሮጂኑ ግን ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ አፈሩን የሚያለዝበውና ውኃ የሚይዝለት የበሰበሰ አካልም ነድዶ ያልቃል። ሊቢግ በ1840 የጻፈው ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ኩበት ማንደድ ብዙም ጉዳት ባልነበረው፤ ሴትየዋ አመዱን ሰብስባ ወደ ማሳው ብትወስደው ዕዳው በተከፈለ ነበር። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አመዱም ቢሆን ርቆ አይሄድም፤ ከደጅ ይደፋል። ጎመኑ፣ ጌሾውና በቆሎው በጓሮ እንደዚያ ለምልሞ ሳለ ራቅ ያለው የጤፍና የስንዴ ማሳ የሚገረጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከሩቅ ማሳ የወጣው ሀብት በከብት ሆድና በምድጃ አልፎ በቤቱ ዙሪያ ይከማቻል። የጎጃም ገበሬ ይህን ያውቃል፤ ማወቅ ብቻውን ግን ማገዶ አይሆነውም።

የሊቢግ ስሕተት በሁለት መንገድ ተገለጠ። የመጀመሪያው በኪሱ ነው። በ1845 ከሊቨርፑሉ ባለ ፋብሪካ ከሙስፕራት ጋር ሆኖ በስሙ የተመዘገበ ማዳበሪያ ለገበያ አወጣ። ማዕድናቱ በዝናብ ታጥበው እንዳይሄዱ ሰግቶ አቅልጦ በውኃ የማይሟሙ አደረጋቸው። ውኃ የማያሟሟውን ግን ሥርም አይጠባውም። ማዳበሪያው በእንግሊዝ ማሳዎች ላይ ያለ ፍሬ ተኛ፤ የገዙት ገበሬዎችም ተቈጡ። አፈር ራሱ ማዕድናትን ይዞ የማቆየት ጠባይ እንዳለው እንግሊዛዊው ቶማስ ዌይ በ1850 ባሳየ ጊዜ የሊቢግ ሥጋት ከመጀመሪያው መሠረት የሌለው መሆኑ ታወቀ። እርሱ በበኩሉ ከጊሰን ወጣ ብሎ አሸዋማ ኮረብታ ገዝቶ ሲሞክር ነበር። ቆይቶም በመጽሐፉ በ1862 እትም ላይ የፈጣሪን ጥበብ ለማረም እንደ ተዳፈረ ኃጢአተኛ ራሱን ቈጥሮ ስሕተቱን አመነ። ኩሩ ሰው ነበረና ይህን መጻፍ ቀላል አልሆነለትም።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከሮትሃምስተድ ነው። እንግሊዛዊው ባለ ርስት ጆን ቤኔት ሎውስ በ1842 በአሲድ ለሠራው የፎስፌት ማዳበሪያ የባለቤትነት መብት አወጣ፤ በ1843 ደግሞ የሊቢግን ተማሪ ጊልበርትን ቀጥሮ ብሮድባልክ በተባለው ማሳ ላይ የስንዴ ሙከራ ጀመረ። አንዱ መደብ ምንም ሳይጨመርበት፣ አንዱ የበረት ፍግ እየተጨመረበት፣ ሌሎቹ ልዩ ልዩ ማዕድናትና ናይትሮጂን እየተሰጣቸው ተዘሩ። ስንዴ ያለ ናይትሮጂን እንደማይጠግብ በግልጽ ታየ። ሊቢግ ለዓመታት ተከራከረ፤ ክርክሩም አንዳንድ ጊዜ ከሳይንስ ወርዶ ስድብ እስከ መሆን ደረሰ። ሙከራው ግን ተከራካሪዎቹን ሁሉ ቀብሮ ዛሬም ቀጥሏል። ፍግ የሚጨመርበት መደብ በየዓመቱ በሄክታር 35 ቶን ያህል ያገኛል። ባቄላና አተር ናይትሮጂንን ከአየር የሚያገኙበት ምሥጢር የተፈታው ሊቢግ ከሞተ በኋላ፣ ከ1886 ወዲህ፣ በሄልሪገል ጥናት ነው። ምሥጢሩን ባያውቅም፣ የጎጃም ገበሬ ማሳውን በባቄላ፣ በጓያና በግብጦ እያፈራረቀ ጥቅሙን ሲያገኝ ኖሯል።

ሊቢግ በ1845 የባሮንነት ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1852 ደግሞ ጊሰንን ትቶ ወደ ሙኒክ ተዛወረ። ደጃዝማች ጎሹ ከካሳ ኃይሉ ጋር ሲዋጉ ጉር አምባ ላይ የወደቁት በዚያው ዓመት ነው። በሙኒክ ማስተማሩን ቀንሶ ለሕዝብ መናገርና መጻፍ አበዛ። ከሳይንስ ሰውነቱ ይልቅ የሕግና የመንግሥት መካሪነቱ ጎልቶ የሚታየውም በዚህ ዘመኑ ነው። ከተሞች እህልና ሥጋ ከገጠር ያስመጣሉ፤ በምላሹ ግን የሚያወጡትን ቆሻሻ ወደ ወንዝ ይለቅቃሉ፤ ይህም በሽያጭ የተሸፈነ ዝርፊያ ነው ብሎ ወነጀላቸው። እንግሊዝ የገዛ መሬቷን ካራቆተች በኋላ ከአውሮፓ የጦር ሜዳዎች ሳይቀር አጥንት እየለቀመች ማሳዋን ትቀልባለች ሲል ወቀሳት። ካርል ማርክስ በ1867 ባሳተመው የካፒታል መጽሐፍ ውስጥ ስለ መሬት መራቆት የጻፈው ይህን የሊቢግን ሥራ አንብቦ ነው። በ1858 የቴምስ ወንዝ ሽታ ለንደንን አላስቀምጥ ስላለ ታላቅ የፍሳሽ መስመር መዘርጋት ሲጀመር፣ ሊቢግ ፍሳሹ ወደ ባሕር ከሚጣል ለማሳ ይዋል ብሎ በ1865 ለለንደን ከንቲባ ደብዳቤዎች ጻፈ። ምክሩ አልተሰማም። በምሳሌነት ያቀርብ የነበረው ጃፓንን ነው። በዚያ የከተማው ቆሻሻ በየዕለቱ ተሰብስቦ ወደ ገበሬው ማሳ ይመለሳል የሚል ሪፖርት ደርሶት ነበርና ጃፓኖች ከአውሮፓ ሊቃውንት ይልቅ የእርሻን ሕግ ያውቃሉ እስከ ማለት ደረሰ።

እዚህ ላይ ግን ሳልታዘበው የማላልፈው ነገር አለ። ይኸው ከተሞችን የሚከስሰው ሊቅ በ1865 የተቋቋመውና በስሙ የሚጠራው የሥጋ ጭማቂ ኩባንያ በኡሩጓይ ፍራይ ቤንቶስ ላይ ከብት እያረደ ጭማቂውን ወደ አውሮፓ ሲልክ ስሙንና ድጋፉን ሰጥቷል። የኡሩጓይ ሣር ያበቀለው ማዕድን በመርከብ ተጭኖ ሲሄድ ማን ይመልሰው እንደ ነበር አልነገረንም።

የሊቢግ ሒሳብ ወደ ሕግነት የተለወጠው ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ የተለወጠው ግን እርሱ ባላሰበው አቅጣጫ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ናይትሮጂንን ከአየር በፋብሪካ ማውጣት ተቻለ። ከዚያም አውሮፓ ከውጭ በሚገባ መኖ ብዙ ከብትና አሳማ በጠባብ መሬት ላይ ማርባት ስለ ጀመረ ፍጉ ከማሳው አቅም በላይ ሆነ፤ ናይትሬቱም ወደ ጕድጓድ ውኃና ወደ ወንዝ ሰረገ። ኔዘርላንድ በ1984 የአሳማና የዶሮ እርባታ እንዳይስፋፋ ገደብ ጣለች። በ1991 የወጣው የአውሮፓ የናይትሬት መመሪያ ውኃቸው ለብክለት በተጋለጠ አካባቢዎች ከእንስሳት ፍግ የሚጨመረው ናይትሮጂን በሄክታር በዓመት ከ170 ኪሎ እንዳይበልጥ ወሰነ። ፍግ በምን ወራት እንደማይበተን፣ እስከዚያ ድረስም በምን ዐይነት ጕድጓድ እንደሚጠራቀም ደንብ ወጣ። የሊቢግ አገር ጀርመን ራሷ ይህን መመሪያ በሚገባ አልፈጸመችም ተብላ በ2018 በአውሮፓ ፍርድ ቤት ተረታለች፤ በ2020ም ደንቧን አጠበቀች።

በእኛ አገር ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። እነርሱ ፍግ በዝቶባቸው ጣሪያ ያበጃሉ፤ እኛ አንሶን ወለል እንፈልጋለን። የመሬት ሕጎቻችን አፈርን ከመታጠብ ለማዳን ብዙ ደክመዋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከመቶ 60 በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከልክሎ ነበር። የአማራ ክልልም በ1992፣ በ1998 እና በ2009 ዓ.ም. ባወጣቸው ተከታታይ አዋጆች ባለ ይዞታው መሬቱን እንዲንከባከብ ግዴታ ጥሎበታል። በጎርፍ የሚሄደው አፈር በዐይን ስለሚታይ ሕግ ወጣለት። በጭስ ማውጫ የሚሄደው ናይትሮጂን ግን አይታይም።

ታዲያ ደንብ ይውጣለት? እንደ እኔ አስተያየት ኩበት ማንደድን በደፈናው የሚከለክል ደንብ የሊቢግን የ1845 ማዳበሪያ ይመስላል። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ማሳ ላይ ሲደርስ ግን አይሟሟም። ከይጁቤ እናት እጅ ኩበቱን የሚቀማ ደንብ በምትኩ የሚነድድ ነገር ካልሰጣት ልጆቿን ያለ እንጀራ ያሳድራል፤ ስለዚህም በማግሥቱ ይጣሳል። ማገዶ የሚሆን ባሕር ዛፍ በአገራችን በአፄ ምኒልክ ዘመን ተተክሎ ወደ ጎጃም ደጋም ተስፋፍቷል፤ ሆኖም ዛፉ ለገበያ ተሸጦ ኩበቱ ለቤት የሚነድድበት ጊዜ ብዙ ነው። ገበሬው ከ1960ዎቹ ማብቂያ ወዲህ የተዋወቀው ዳፕና ዩሪያም፣ ዋጋው በወጣ ቁጥር የሚርቀው መሆኑ ሳይረሳ፣ ከምድጃው የጠፋውን ናይትሮጂን እንጂ የበሰበሰውን አካል አይመልስም። በብዙ የጎጃም ደጋዎች እንደሚታየው አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ደግሞ የተጨመረው ፎስፎረስ ታስሮ ስለሚቀር በቅድሚያ ኖራ ያስፈልገዋል። ሊቢግ ያስተማረው የጎደለው አንድ ነገር ሕግ ይህ ነው።

ወረዳና ቀበሌ በደንብ ሊያዝዙት የሚገባው ነገር ያለ አይመስለኝም ማለቴ ግን አይደለም። በበረት የሚጠራቀመው አዛባ ከሽንቱ ጋር ወደ ወንዝ እንዳይፈስ፣ ይልቁንም በጥላ ሥር በተቈፈረ ጕድጓድ ከገለባ ጋር እንዲበሰብስ ማድረግ ማገዶ አያሳጣም፤ እርጥቡ አዛባ ከመጀመሪያውም ለኩበት አይመችምና። አመዱ ከጓሮ አልፎ ወደ ማሳ እንዲሄድ ማድረግም እንዲሁ ነው። አሲዳማ ለሆነው አፈር አመድ ጥቂት የኖራ ሥራ ይሠራል። በጋራ የሚተከል የማገዶ ዛፍ ለባለ ኩበቶቹ ቤቶች ቅድሚያ እንዲሰጥ መወሰን ደግሞ የቀበሌ ሥልጣን ነው። ከልካዩ ደንብ መምጣት ያለበት ከእነዚህ በኋላ ነው፤ ምናልባትም ያን ጊዜ አያስፈልግ ይሆናል።

ሊቢግ በመጨረሻ ዘመኑ ጤናው ደከመ። ኤፕሪል 18 ቀን 1873፣ 70 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሳንባ ምች በሙኒክ ሞተና በዚያው ተቀበረ። በጊሰን የሠራበት ላቦራቶሪ ከ1920 ጀምሮ ሙዚየም ሆኖ ይጐበኛል፤ ጠርሙሶቹና ምድጃዎቹም በቦታቸው አሉ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው፣ ማዳበሪያውን የሞከረባት አሸዋማ ኮረብታ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች።